በአራስ ቤት ስለሚመጣ ያልተጠራ ሐሳብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ አምድ ስለ በዓላት ሥርዓት፣ ስለ ቅዱሳት መካናት ታሪክና ስለ መጻሕፍት ትርጓሜ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ብዙ እናቶች በልባቸው ይዘውት ለማንም ሳይናገሩ የሚኖሩትን አንድ መከራ እናነሣለን። ይኸውም በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ በሴቶች ላይ የሚመጣው የአስጨናቂ ሐሳብ ሕመም ነው።

ነገሩን በዚህ ስፍራ ማንሣት ያስፈለገበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወደዚህች ቅድስት ሀገር ከሚመጡት ተሳላሚዎች መካከል ልጅ ለመለመን፣ ወይም የተሰጣቸውን ልጅ ይዘው ስለታቸውን ለማድረስ የሚመጡ እናቶች ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ የሃይማኖትን ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ታማሚዋ ከሐኪም አስቀድማ የምታንኳኳው የካህኑን በር ነው። በሩን የሚከፍተው አባት የሚሰጣት ቃል ወይ ወደ መዳን ይመራታል፤ ወይ ሕመሙን ያጸናባታል።

የኑዛዜ ምሥጢር የታተመ ነውና የማንንም ታሪክ አንጽፍም፤ በምሳሌ እንናገር። አንዲት እናት እናስብ። በስለት ያገኘችውን የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላግላለች። ዘመድ ወዳጅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሏታል፤ ገንፎው ቀርቧል፤ እልልታው ተሰምቷል። በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኑን ታቅፋ በመስኮት አጠገብ ስታልፍ «ብጥለውስ?» የሚል ሐሳብ እንደ መብረቅ ብልጭ አለባት። ደንግጣ ሕፃኑን አጥብቃ ያዘች፤ አማተበች፤ ከመስኮቱም ራቀች። ሐሳቡ ግን በማግሥቱ ተመለሰ። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው፣ ሕፃኑን ስታጥብ ውኃው፣ ሌሊት ስታጠባ ትራሱ፣ ሁሉም የክፉ ሐሳብ መነሻ ሆነባት። ቢላዋዎቹን በጨርቅ ጠቅልላ ከቁም ሣጥን ላይ ሸሸገች፤ ሕፃኑን የሚያጥበው ባሏ እንዲሆን አደረገች፤ ሌሊት በየጥቂት ደቂቃው እየተነሣች ትንፋሹን ታዳምጣለች። ሲጠይቋት «ደክሞኝ ነው» ትላለች። በልቧ ግን «እኔ እናት ልባል አይገባኝም፤ በውስጤ ነፍሰ ገዳይ አለ» ብላ በራሷ ላይ ፈርዳለች። ልጁ ክርስትና በሚነሣበት ቀን መቍረብን ፈራች። ለንስሐ አባቷ እንዳትናገር ኀፍረት አፏን ዘጋው፤ ለሐኪም እንዳትናገር «ልጄን ይወስዱብኛል» የሚል ፍርሃት ያዛት።

ይህች እናት ነፍሰ ገዳይ አይደለችም። ታማለች፤ ሕመሟም ስም አለው፤ መድኃኒትም አለው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር»፣ በአጭሩ «ኦሲዲ» ይሉታል። ሁለት ክንፎች አሉት። አንደኛው ሰው ሳይጠራው የሚመጣ፣ ቢያባርሩትም የሚመለስ አስጨናቂ ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ያ ሐሳብ ያመጣውን ጭንቀት ለማስታገሥ ታማሚው ተገድዶ የሚደጋግመው ድርጊት ነው፤ ይኸውም መታጠብ፣ መፈተሽ፣ መቍጠር፣ ሌላውን ደጋግሞ መጠየቅ፣ መሸሽ፣ ወይም በልብ አንድ ጸሎት እየመላለሱ ማለት ሊሆን ይችላል። ዐረብኛ ተናጋሪዎች ጎረቤቶቻችን «አል ወስዋስ አል ቀህሪ» ይሉታል፤ የሚያስገድድ ጉትጎታ እንደ ማለት ነው። የምዕራብ ነገረ መለኮት ሊቃውንት ደግሞ በሃይማኖት ነገር ከልክ በላይ የሚጨነቀውን ሕሊና የሰየሙት «ስክሩፑሉስ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጓሜውም ትንሽ ስለታም ጠጠር ማለት ነው። በእነዚህ ድንጋያማ መንገዶች በእግሩ የሄደ ተሳላሚ ምሳሌው ይገባዋል፤ በጫማው ውስጥ የገባች ጠጠር ከፊቱ ካለው ዳገት ይልቅ መንገደኛን ታስቆማለችና።

የሕመሙ አካሄድ እንዲህ ነው። ሐሳቡ ሲመጣ ጭንቀት ይነሣል። እናቲቱ ቢላዋውን ስትሸሽግ ወይም ትንፋሹን ስታዳምጥ ጭንቀቱ ለጊዜው ጋብ ይላል። አእምሮ ግን ከዚህ የተሳሳተ ትምህርት ይወስዳል፤ «አደጋ ነበረ፤ የዳንነውም ቢላዋው ስለ ተሸሸገ ነው» ይላል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሐሳቡ በርትቶ ይመጣል፤ ጭንቀቱን ለማብረድ የሚጠይቀው ድርጊትም ይበዛል። አንድ ጊዜ መታጠብ ይበቃ የነበረው ሦስት ይሆናል፤ ሦስቱም ዐሥር ይሆናል። ማረፊያ የመሰለው ነገር ሁሉ ሰንሰለቱን ያረዝመዋል።

በእርግዝና ወራት ጭንቀቱ ብዙ ጊዜ በመመረዝና በመበከል ዙሪያ ነው፤ «የበላሁት ምግብ፣ የነካሁት ዕቃ ጽንሱን ጎድቶት ይሆን?» እያለች ስትታጠብና ስትጠይቅ ትውላለች። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ሕፃኑን በድንገት ወይም በገዛ እጅ ስለ መጉዳት፣ አንዳንዴም ለመናገር ስለሚያሳፍሩ ነገሮች የሚመጡ ሐሳቦች ይበረታሉ። ሕመሙ አስቀድሞ የነበረባት ሴት በእነዚህ ወራት ሊጸናባት ይችላል፤ ፈጽሞ ያልነበረባትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ድንገት ሊጀምራት ይችላል። መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰብ ውርስ፣ የሰውነት ቅመሞች መለዋወጥ፣ የእንቅልፍ ማጣትና ለአንዲት ደካማ ነፍስ ኃላፊ የመሆን ክብደት በአንድነት ይገናኙበታል።

ሕመሙ ብርቅ እንዳይመስለን ጥቂት ቍጥር እንጥቀስ። የብዙ አገሮችን ጥናቶች በአንድነት የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሥራ እንዳመለከተው፣ በሌሎች ሴቶች ዘንድ ከ100 በ1 ያህሏ ላይ የሚገኘው ሕመም በእርጉዞችና በወላዶች ዘንድ ከ100 በ2 ያህሎቹ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ከዚህ የሚበልጥ ቍጥር አግኝተዋል። የሕመም ደረጃ ሳይደርስ መጥቶ የሚያልፈው ሐሳብ ደግሞ ከዚህ እጅግ የበዛ ነው። በካናዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከተጠየቁት አዲስ እናቶች ግማሽ ያህሉ ልጃቸውን ሆን ብሎ ስለ መጉዳት የሚናገር ያልፈለጉት ሐሳብ በሆነ ጊዜ እንደ መጣባቸው አሳይቷል። እነዚህ ልጆቻቸውን የሚወዱ ጤነኞች እናቶች ናቸው። እንግዲህ አንዲት እናት «እንዲህ ያለ ሐሳብ የመጣብኝ በዓለም እኔ ብቻ ነኝ» ብትል፣ በዚያው ሰዓት በጎረቤቷ ቤት ያለችው አራስ ያንኑ ሐሳብ በዝምታ እንደ ተሸከመች ልትነገራት ይገባል።

ታዲያ በአንዷ ዘንድ የሚያልፈው በሌላዋ ዘንድ ስለ ምን ይቀመጣል? አንዷ «ድካም ነው» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። ሌላዋ ግን «እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብላ ሐሳቡን አስቀምጣ ትመረምረዋለች፤ የመረመረችውም ሐሳብ ሥር ይሰድዳል። የሚያስጨንቃትም ልጇን ስለምትወድ ነው። ማንም ሰው ግድ የማይሰጠው ነገር ሌሊት አያስነሣውም።

አባቶች ስለ ሐሳብ ያስተማሩት

በዚህ ላይ የተማረ ሁሉ የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር እንደሚሠራ ታስተምራለች፤ ጌታም በተራራው ስብከቱ በልብ የሚፈጸም በደል እንዳለ አስተምሯል። እንግዲህ የዚህችን እናት ሐሳብ ኃጢአት አይደለም ብንል ትምህርቱን አናፈርስምን? አናፈርስም። በኀልዮ የሚሠራ ኃጢአት ልብ ወድዶ የተቀበለው፣ ያስተናገደው፣ ቢቻለውም ሊፈጽመው የተመኘው ነውና። ደጅ ያንኳኳ ሌባ ከባለቤቱ ጋር ማዕድ እንደ ተቀመጠ እንግዳ አይቈጠርም።

የደብረ ሲና አበ ምኔት የነበረውና «ሰዋስው» በተባለው መጽሐፉ የታወቀው ቅዱስ ዮሐንስ ይህን በ15ኛው የመሰላሉ ደረጃ ላይ ለይቶ ጽፏል። በመጀመሪያ ሐሳቡ ይቀርባል፤ ቀጥሎ ሰው ከሐሳቡ ጋር ይነጋገራል፤ ከዚያም ይስማማል፤ ይማረካል፤ ይታገላል፤ በመጨረሻም ሐሳቡ ጠባይ ሆኖ በነፍስ ይቀመጣል። የመጀመሪያውን፣ ማለት የሐሳቡን መቅረብ፣ ቅዱሱ ከኃጢአት ነጻ ነው ይለዋል። በምሳሌ ያነሣናት እናት ሐሳቡ ገና ሲቀርብ ጮኻ የሸሸች ናት። ስምምነት በሌለበት ምን እንፈርዳለን?

በግብፅ በገዳመ አስቄጥስ የነበረው አባ ጴሜንም ብዙ ሐሳብ የሚያስጨንቀውን አንድ ወንድም ወደ ውጭ አውጥቶ ልብሱን ገልጦ ነፋሱን እንዲይዝ አዘዘው። ወንድምም እንደማይችል ተናገረ። ሽማግሌውም ነፋስን መያዝ እንደማይቻል ሁሉ ሐሳብ እንዳይመጣ መከልከልም እንደማይቻል፣ የሰው ድርሻ ለሐሳቡ አለመታዘዝ እንደ ሆነ አስረዳው። የስድብ ሐሳብ ይመጣበት ለነበረና ለመናገር ላፈረ ሌላ ወንድም ደግሞ፣ ሐሳቡ የእርሱ እንዳልሆነ ተናግሮ እንዲተወው፣ ነፍስ የማትወድደው ነገርም ብዙ እንደማይቈይ መከረው።

ከሁሉ ይልቅ ለካህናት የሚጠቅመው ግን በዚያው በሰዋስው መጽሐፍ በ23ኛው ደረጃ ላይ የተጻፈው ታሪክ ነው። አንድ መነኵሴ ሃያ ዓመት ሙሉ በስድብ ሐሳብ ተሠቃየ። በጾምና በትጋት ሰውነቱን አደከመ፤ ምንም አልረዳውም። በአፉ መናገር ስላፈረ ሕመሙን በወረቀት ጽፎ ለአንድ ቅዱስ ሽማግሌ ሰጠና በፊቱ ተደፋ። ሽማግሌው አንብቦ ፈገግ አለ፤ መነኵሴውን አነሣውና እጁን በአንገቱ ላይ እንዲያኖር አዘዘው። ያ ኃጢአት የቱንም ያህል ዓመት ቢቈይ፣ ወደ ፊትም ቢቈይ፣ በእኔ አንገት ላይ ይሁን፤ አንተ ግን ከእንግዲህ ግድ አትስጠው አለው። ያም መነኵሴ ከሽማግሌው በዓት ሳይወጣ ከመከራው እንደ ዐረፈ ይተረካል።

ይህን ታሪክ ልብ ብላችሁ አስተውሉ። ሽማግሌው አልደነገጠም፤ ሐሳቡን በዝርዝር አልመረመረም፤ ተጨማሪ ጾምና ስግደትም አላዘዘበትም። ሃያ ዓመት የጾመ ሰው የጾም ጉድለት እንዳልነበረበት አውቋልና። ሸክሙን ተካፈለው፤ ሐሳቡንም እንዲንቀው አዘዘው። የዘመናችን ሐኪሞች ለዚህ ሕመም የሚሰጡት ዋነኛ የምክር ሕክምና በመንገዱ ከዚህ ጋር ይገናኛል። ታማሚዋ በባለሙያ እየተመራች፣ ከቀላሉ ጀምራ ቀስ በቀስ፣ ከምትሸሸው ነገር ጋር ትገናኛለች፤ ሐሳቡ ሲመጣ ትተወዋለች፤ የለመደችውን የማረጋጊያ ድርጊት ግን አታደርግም። ጭንቀቱ ይነሣል፤ ከዚያም በራሱ ጊዜ ይበርዳል፤ አእምሮም አደጋ እንዳልነበረ ይማራል። እንደ መነኵሴው በአንድ ቀን የሚፈጸም ነገር አይደለም፤ ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል።

የሃይማኖትን ልብስ ሲለብስ

ሕመሙ በአማኝ ሴት ላይ ሲመጣ ልብሱን ከሃይማኖት ይዋሳል። ውዳሴ ማርያም ስትደግም ሐሳቧ ለቅጽበት ስለ ባዘነ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ አንድ ሰዓት የማይፈጀው ጸሎት እኩለ ሌሊት ይደርሳል። 40ውን ወይም 80ውን ቀን ቈጥራ ጨርሳ «አንድ ቀን ተሳስቼ ይሆን?» ብላ እንደ ገና ትቈጥራለች። ለመቍረብ ስትዘጋጅ አፏን ስትጉመጠመጥ ጠብታ ውኃ ውጣ እንደ ሆነ እያሰበች ትመለሳለች። በሥዕለ ማርያም ፊት ስትቆም የስድብ ቃል በልቧ ብልጭ ይልባትና ወደ ሥዕሉ ማየት ትተዋለች። አንዱን ኃጢአት ዛሬ ተናዝዛ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተብላ፣ ነገ «በደንብ አልተናገርሁትም» ብላ ያንኑ ይዛ ትመጣለች።

ይህ ቅድስና ይመስላል፤ ብዙዎችም «እንዴት ያለች ጥንቁቅ ሴት!» ብለው ያመሰግኗታል። ሥርዓትን ከሕመም የምንለይበት ግን ግልጥ ምልክት አለ። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሁሉ ወሰን አለው። ለወንድ ልጅ 40 ቀን፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን ተብሎ ተወስኗል፤ ሲፈጸም ተፈጸመ፤ እናትና ልጅ በደስታ ወደ ቤተ መቅደስ ይገባሉ። ሥርዓቱ ርኅራኄም አለው፤ ሕፃኑ ለሞት የሚያሠጋ ሕመም ቢይዘው ቀኑ ሳይጠበቅ ይጠመቃል፤ ሕመምተኛና አራስም በጾም አይገደዱም። ሕመሙ ግን «በቃ» የሚል ቃል የለውም። የሠራዊት ጌታ እንኳ «ይቅር ብዬሻለሁ» ቢላት «በእርግጥ እኔን ነው?» ብላ እንድትጠይቅ ያደርጋታል። ወሰን የሌለው ጥንቃቄ ስታዩ፣ ሕግ አክባሪነት ነው ከማለታችሁ በፊት ሕመም እንዳይሆን ጠይቁ።

ለአባቶች ካህናት

በዚህ ጉዳይ ለወንድሞቼ ካህናት የማሳስበው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ሳትደነግጡ ስሙ። ፊታችሁ ሲለዋወጥ ካየች ሁለተኛ አትናገርም። ሦስት ነገር ጠይቋት፤ ሐሳቡን ትወድደዋለች ወይስ ትጸየፈዋለች? ሲመጣ ምን ታደርጋለች? በቀን ምን ያህል ጊዜ ይወስድባታል? የምትጸየፈው፣ የምትሸሸው፣ ቀኗንም የሚበላ ከሆነ የምታናግሩት ሕመምተኛን ነው።

ሁለተኛ፣ ከባድ ቀኖና አትጫኑባት። ለዚህች ሴት 100 ስግደት ማዘዝ በተሰበረ እግር ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ ስግደቱንም በትክክል ቈጠርሁ አልቈጠርሁ እያለች ሌሊቱን ታድርበታለች። ይልቁንም አጭርና የተወሰነ ጸሎት ስጧት፤ ሐሳቧ ቢባዝንም ሳትመልስ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ እንድትጨርስ እዘዟት። ይህ ለእርሷ ከስግደት የሚከብድ መታዘዝ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ የንስሐ አባት ብቻ ይኑራት፤ ተሳላሚ ሆና በመጣችበት ሁሉ ካህን እየቀያየረች ያንኑ እንዳትናዘዝ ንገሯት። የተናዘዘችውንና የተፈታችበትን እንደ ገና አትቀበሉ። ደጋግሞ «ይፍታሽ» ማለት ርኅራኄ ይመስላል፤ ነገር ግን ቢላዋውን ደጋግሞ እንደ መሸሸግ ነው። «ልጄ፣ ይህ ተፈትቷል፤ ዳግመኛ አንነጋገርበትም» ማለት ይበቃል፤ ቃሉም በፍቅር ይነገር።

አራተኛ፣ «መንፈስ ነው» ብላችሁ አትቸኩሉ። ሰይጣን ልጇን ሊያስገድላት እንደ ሆነ ከካህን የሰማች አራስ የምትፈራው ሁሉ በሥልጣን ቃል ተረጋገጠላት ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቃል አንዲትን እናት ከልጇ ሊለያት፣ ከባሷም ተስፋ ሊያስቈርጣት ይችላል።

አምስተኛ፣ ወደ ሐኪም ላኳት፤ ብትፈራም ከሚታመን ዘመድ ጋር እንድትሄድ አመቻቹላት። የንስሐ አባት ወደ አራስ ቤት ሄዶ ጸሎት ማድረስና ጸበል መርጨት የቈየ ልማዳችን ነው። በዚያ ጊዜ «ሕፃኑ እንዴት ነው?» ብለን ብቻ አንውጣ። «አንቺስ ልጄ፣ እንቅልፍ ታገኛለሽ? የሚያስጨንቅሽ ሐሳብ አለ?» ብለን እንጨምር። ይህች አንዲት ጥያቄ በሩን ትከፍታለች።

ለባልና ለቤተ ሰብ

አባቶቻችንና እናቶቻችን «አራስ ብቻዋን አትተውም» ይሉ ነበር። አጥሚቱን የሚያበስል፣ ሕፃኑን ተቀብሎ የሚይዝ፣ አራሷን የሚያስተኛ ሰው ከቤት አይጠፋም። ዛሬ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ በአንዲት ጠባብ ክፍል የምትወልድ እኅታችን እናቷ በሩቅ ናት፤ ባሏም ሥራ ይውላል። ለመጠየቅ የሚመጣው ሰው ስጦታውን አስቀምጦ ይሄዳል። በዚህ ብቸኝነትና በእንቅልፍ ማጣት ላይ ሐሳብ ይበረታል። ስለዚህ የማኅበራችን እኅቶች አራስ ስትጠይቁ ሁለት ሰዓት እንድትተኛ ልጇን ይዛችሁ ብትቈዩላት ከወርቅ ሐብል የሚበልጥ ስጦታ ነው።

ባል ሆይ፣ ሚስትህ ሐሳቧን ብትነግርህ አትሣቅባት፤ ልጁንም ነጥቀህ አትሽሽ። ሕመም እንደ ሆነ ንገራት። «ልጁን እጎዳው ይሆን?» ብላ በቀን ሃያ ጊዜ ብትጠይቅህ ግን ሃያ ጊዜ መማል አይጠቅማትም። «ይህ የሕመሙ ጥያቄ ነው፤ አብረን እንለፈው» በላት። ሕፃኑን የማጠቡንና የማቀፉን ሥራ ለዘለቄታው አትውሰድባት፤ አብረሃት ሁን እንጂ እጇን ከልጇ አትለይ።

በዚያው ቀን ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት

እስካሁን የተናገርነው የምትጸየፈው ሐሳብ ስለሚያስጨንቃት እናት ነው። ከዚህ ፈጽሞ የሚለይ ሌላ ሕመም አለ፤ ከ1,000 ወላዶች በ1 ወይም በ2 ላይ የሚደርስ፣ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት የሚነሣ የአእምሮ መታወክ ነው። እናቲቱ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች፤ ሕፃኑ ክፉ ነገር እንደ ሆነ ወይም የተለየ ትእዛዝ እንደ ተሰጣት ታምናለች፤ ቀናት ሳትተኛ ድካም አይሰማትም፤ ንግግሯ ይምታታል። ሐሳቡ አያስጨንቃትም፤ እውነት መስሎ ይታያታል። ይህን ያየ ዘመድ እርሷንም ሕፃኑንም ብቻቸውን ሳይተው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰድ። «ነገ ጸበል እንወስዳታለን» ተብሎ የሚታደር ነገር አይደለም። ራሷን ለማጥፋት የምታስብ እናትም እንዲሁ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትድረስ። እነዚህን ሁለቱን ከአስጨናቂው ሐሳብ ለይቶ ማወቅ የሐኪም ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ ወደ እርሱ ማድረስ ነው።

ጸበልና መድኃኒት

ብዙ ምእመናን «ሐኪም ዘንድ ከሄድሁ እምነቴ ጎደለ ማለት ነው» ብለው ይፈራሉ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል፤ በዚያው ምዕራፍ ለታመመ ሰው ጸሎትንም ሐኪምንም በአንድነት ያዝዛል። ወንጌልን ከጻፉት አንዱ ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ ሐዋርያው ጳውሎስ መስክሯል። ስለዚህ ጸበሉን የሚጠጣ አፍ መድኃኒቱን ቢውጥ ተቃርኖ የለውም።

የዚህ ሕመም ሕክምና ሁለት ነው፤ አንዱ ቀደም ብለን የጠቀስነው የምክር ሕክምና፣ ሁለተኛው ጭንቀትን የሚቀንስ መድኃኒት ነው። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ሊወሰዱ የሚችሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ሰርትራሊን የተባለው ለሚያጠቡ እናቶች ብዙ ጊዜ የሚታዘዝ ነው። የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው ሐኪም ነው። መድኃኒት የጀመረች እናት «ጾም ገባ» ወይም «ጸበል ጀመርሁ» ብላ በራሷ አታቋርጥ።

በዚህ አገር ያላችሁ እኅቶች በጢፓት ሐላብ ነርሶች ለእርጉዞችና ለወላዶች የሚያቀርቡትን የኤዲንብራ መጠይቅ ታውቁት ይሆናል፤ 10 ጥያቄዎች አሉት። በሚሞላበት ጊዜ እውነቱን መልሱ። ነገር ግን መጠይቁ በዋናነት ስለ ኀዘንና ድብርት የሚጠይቅ ስለ ሆነ ይህን ሕመም ሳይደርስበት ሊያልፍ ይችላል፤ «የማልፈልገው ሐሳብ ይመጣብኛል» ብላችሁ ራሳችሁ ተናገሩ። በቁፓት ሖሊም ያለው የቤተ ሰብ ሐኪምም ወደ አእምሮ ሐኪም ሊልካችሁ ይችላል። ወደ ኢትዮጵያ የምትመለሱም በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል ለአእምሮ ሕክምና የቈየ ቤት ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን የአበውን ቃል አስቡ።

ከዐይን ካረም

ብዙዎቻችሁ ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ ዐይን ካረም ወርዳችሁ የዘካርያስንና የኤልሳቤጥን ስፍራ ተሳልማችኋል። ቅዱስ ሉቃስ እንደ ጻፈው ኤልሳቤጥ ከፀነሰች በኋላ አምስት ወር ራሷን ሸሽጋ ነበር። በስድስተኛው ወር እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ወጣች፤ ሰላምታም ሰጠቻት፤ ሦስት ወር ያህልም ከእርሷ ጋር ተቀመጠች። የአምላክ እናት ለመሆን የተመረጠችው ድንግል ለአንዲት እርጉዝ ዘመዷ ያደረገችው ይህን ነው፤ መንገዱን ተጕዛ ደጇ ደረሰች፤ ሰላም አለቻት፤ አብራትም ቈየች።

በዚያ የምትሳለሙ እናቶች እግረ መንገዳችሁን ይህን ለምኑ፤ ስትመለሱም በሠፈራችሁ ራሷን የሸሸገች አራስ እንዳለች ጠይቁ። ሐሳብ ያስጨነቀሽ እኅቴ ሆይ፣ አንቺም ስሚ፤ በልብሽ የመጣው ሁሉ ከልብሽ የወጣ አይደለም። ዛሬ ለአንድ ሰው ተናገሪ፤ ለባልሽ፣ ለንስሐ አባትሽ ወይም ለሐኪም። ልጅሽንም ታቅፈሽ ወደ ቅዱስ ቍርባን ቅረቢ፤ የተጠራሽበት ስፍራ ነውና።

በምጥ ሰዓት ስሟን ጠርተው ያላሳፈረቻቸው እመቤታችን፣ በአራስ ቤት ጭንቀት ውስጥ ያሉትን ሁሉ በአማላጅነቷ ትጐብኝልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር።